ጥቁር የተቀባው ስም

አምፖሉ ከጣራው ተፈትቶ፣ መደርደሪያው ላይ ባለው የብሎን ጣሳ ውስጥ፣ እንዳይሰበር ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን የተከለው ከሬሳው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ሬሳማ ብዙ አይቷል፤ ፀጉሩን ያሸበተው እሱ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ሥራ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። አንገቱ ላይ የገዛ ሽቦው ተጠምጥሟል። ክፍሉ የአንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። መብራት ከሌለ በቀትርም የገዛ እጅህን አታይም።

"ሳጅን" አለ ኢንስፔክተሩ፣ የእጅ ባትሪውን ወደ ጣራው እያበራ፣ "ሰው ሊገድል የመጣ ሰው አምፖል ምን አስፈታው?"

"እንዳይታይ ነዋ፣ ጋሼ።" ሳጅኗ ወጣት ናት፤ መልስ አይቸግራትም።

"እሱስ በምን ሊያይ?"

"ባትሪ ይዞ ይሆናላ።"

"ባትሪ ካበራ ሟቹ አያየውም? ቀስ በይ እስቲ።"

ቀስ በይ፣ ቀስ በሉ ማለት ልማዱ ነው። ጣቢያው ውስጥ እሱ በሌለበት "ጋሽ ቀስበሉ" እያሉ ነው የሚያነሱት። እሱም ያውቃል፤ እንዳላወቀ ሆኖ ያልፈዋል።

ባትሪውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው የስንት ዘመን አቧራ ተሸክሟል። በአቧራው ላይ፣ በወገብ ልክ፣ ከበሩ ተነስቶ እስከ ጠረጴዛው ድረስ የአራት ጣት መስመር ተስቦበታል። ሳይቋረጥ፣ ሳይቸኩል፣ ልክ ሰው አጥር ተደግፎ እንደሚሄደው።

"ይሄስ?"

"ሟቹ ነዋ። መብራቱ እምቢ ሲለው እየዳበሰ ገብቶ።"

"ዕድሜውን የሠራበትን ክፍል ዳብሶ?"

ሳጅኗ መደርደሪያዎቹን ዞራ አየች። አንድም ነገር አልተሰረቀም። ሬዲዮዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ኢንስፔክተሩ ምክንያቱን ባያውቅም ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ መቆም አልቻለም።

ላይ፣ መግቢያው ላይ፣ የፎቁ ዘበኛ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጠብቃል።

"ጌታዬ፣ እኔ እያለሁ እንግዳ ሰው በዚህ በር አያልፍም!"

"ዛሬ ማን ማን ገባ?"

"የሰፈር ሰው ነው፣ ደንበኛ ነው። የሚያጠራጥር ሰው አየህ ወይ ካሉኝ በእናቴ አላየሁም።"

"ሟቹስ?"

"ለምሳ ወጣ፤ ተመለሰ። እንደ ሁልጊዜው 'ሰላም ነህ?' ብሎኝ ወረደ። ከዚያ በኋላ ድምፁንም አልሰማሁት።"

ኢንስፔክተሩ ጻፈ። ዘበኛው አልዋሸም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

የሟቹ ሚስት አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጠርዝ ታፍተለትላለች።

"ወታደር ነበር" አለች። "ሬዲዮ ኦፕሬተር። ከእኔ በፊት ነው። ስለዚያ ዘመን ካነሳሁበት ወሬ ይቀይራል። ፎቶ መነሳት አይወድም። ምግብ ቤት ስንገባ በሩን የሚያይበት ወንበር ካላገኘ አይቀመጥም።"

"ማንን ነው የሚፈራው፣ እህቴ?"

"አላውቅም። በቅርቡ ከጦሩ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣለት። ሲያነበው ፊቱ አመድ መሰለ። 'ሰውየው ተፈታ' አለኝ፣ በቃ። ወረቀቱን አቃጠለው።" የቀሚሷን ጠርዝ ለቀቀችው። "ጋደም ካልን በኋላ ደግሞ እጄን ያዘና 'አንድ ነገር ብሆን ሲስተርን አስጠንቅቂልኝ፤ ሁለታችን ነን' አለኝ። ነርስ መሆኗ ነው መሰለኝ። ማን ትሁን፣ የት ትሁን፣ አልነገረኝም። የሟች አደራ ተሸክሜ ተቀምጫለሁ፤ የማደርስበት ቦታ የለኝም።"

ኢንስፔክተሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የሆነ ቦታ አንዲት ሴት ሥራዋን እየሠራች፣ ሻይዋን እየጠጣች ነው። ቀጣይዋ እሷ ናት። እሱ አያውቃትም፤ ገዳዩ ግን ምናልባት ያውቃታል።

"የሚጠላው ሰውስ አልነበረም?" አላት ሊወጣ ሲል።

"የመጀመሪያ ባሌ አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። 'በሽቦ ነው የማንቅህ' ብሎት ያውቃል፣ በሰው ፊት።"

ሹፌሩን ጋራዥ ውስጥ አገኙት። ጉንጩ ዳቦ የጎረሰ መስሎ አብጧል።

"ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?"

"ጥርስ አስነቅል ነበር" አለ፣ አፉ እየተኮላተፈ።

"ማን ይመሰክርልሃል?"

"ማን አልሰማኝም ብለህ ነው? መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል!"

ሳጅኗ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ደውላ እየሳቀች ተመለሰች። "አራት ሰው ነው የያዘው ይላሉ። አንዱን ነክሶታል።"

ሹፌሩ ግን ሊሄዱ ሲሉ ጠራቸው። "እኔ አፌ እንጂ ልቤ ክፉ አይደለም። እሷ... ደህና ናት? አንድ ሰው አብሯት ይደር።"

ኢንስፔክተሩ ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ። መንገዱ ወደ ጦሩ መዝገብ ቤት መሆኑ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታቸው የደረሰ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። ጄኔራልም ይምጣ ሚኒስትር፣ ቃላቸው አንድ ስለሆነ ሠራተኛው "ወይዘሮ አይቻልም" ይላቸዋል። በስተኋላቸው በጦሩ ውስጥ ያገለገለ ሰው ሁሉ ማኅደር ተደርድሯል፤ የማን ደም ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን እንደተቀጣ፣ ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን የት እንደሚኖር።

"የአንድ ነርስ አድራሻ ፈልጌ ነው" አለ ኢንስፔክተሩ።

"አይቻልም።"

"ፖሊስ ነኝ እኮ፣ እትዬ።"

"ፖሊስማ መሆንዎን ለብሰውታል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሰው ማኅደር ያለ ራሱ የጽሑፍ ፈቃድ አይወጣም። ለወንጀል ምርመራ ከሆነ የመሥሪያ ቤትዎ የበላይ የማንን፣ የትኛውን፣ ለምን ብለው ፈርመው ይላኩ። ስሟን እንኳ አያውቁትም። 'አንዲት ነርስ' ብዬ መደርደሪያውን ልገልብጥልዎት?"

"እስከዚያ ብትሞትስ?"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ወንድሜ፣ አድራሻዋን በልመና ብሰጥዎ ነገም የለመነ ሁሉ ይወስደዋል። ይህ ቤት በር ያለው ለዚህ ነው።"

እየተናደደ ወጣ። በማግስቱ የሟቹን ማኅደር የሚጠይቅ፣ አለቃው የፈረሙበት ደብዳቤ ይዞ ተመለሰ። አሁን ሴትዮዋ ሳያቅማሙ ማኅደሩን ዘርግተው ነገሩት። አንድ ሻለቃ ነበር። አንድ ምልምል ወታደር በቅጣት ላይ እያለ ሞተ፤ ሻለቃው "በሕመም" ብሎ ጻፈ። ሬዲዮ ኦፕሬተሩና አንዲት የጦር ነርስ ግን ስማችሁ አይወጣም ተብለው እውነቱን ተናገሩ። ሻለቃው ማዕረጉ ተገፎ ረጅም ዓመት ታሰረ።

"የእሷስ?"

"ደብዳቤዎ ስለሷ አይልም። የሰጋሁት ይህ ነው ብለው በማስረጃ ካላቀረቡ አይቻልም።"

"ማኅደሩን ሌላ ማን አየው? ከዚህ ቤት አንድ ሰው ሸጦት ቢሆንስ?" ዓይኑን ዓይናቸው ላይ ተከለ።

የሴትዮዋ ፊት ቀላ፤ ግን አልጮኹም። "የሟቹን ማንም አላየም። ሻለቃው ከተፈታ በኋላ የራሱን ማኅደር ጠይቋል፤ የራስን ማየት መብት ነው። የምስክሮቹን ስምና አድራሻ እኔው በእጄ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ነው የሰጠሁት። ደግሞም..." ቆም አሉ። "ሰውየው እስር ቤት ሳለ ስኳር ዓይኑን አጥፍቶታል። ዓይነ ስውር ነው።"

ኢንስፔክተሩ ተስፋው ሙሽሽ አለ።

ከእስር ቤቱ ባገኙት አድራሻ መሠረት ሻለቃው የሚኖረው አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ሬዲዮ ይንጫጫል። በሩን ሲከፍት ፈገግ ብሎ ነው።

"ይግቡ፣ ይግቡ። ሁለት ናችሁ። አንዷ ሴት ናት፤ ጫማዋ አዲስ ነው። ይቅርታ፣ ለእኔ ስለማይጠቅመኝ መብራት አላበራም።"

ከጨለማው ውስጥ ሻይ ቀዳላቸው። ጠብታ አልፈሰሰም። ብርጭቆውንም ኢንስፔክተሩ እጅ ውስጥ በትክክል አኖረው።

"ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ሞተ አሉኝ? ነፍስ ይማር። የመሰከረብኝ እሱ መሆኑን እንኳ ከእርስዎ ነው የምሰማው። እኔማ የሰጡኝ ይኸው።" ከመሳቢያ ወረቀቶች አውጥቶ ዘረጋ። "ይመልከቱት። ጥቁር ነው ይሉኛል።"

ሳጅኗ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። እውነትም ስሞቹ ከእነአድራሻቸው በወፍራም ጥቁር ቀለም ተሸፍነዋል። ወደ ብርሃን ብታነሳውም አንድ ፊደል አይወጣም። ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ብቻ አየ፤ ወረቀቶቹ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡት በፊታቸው ተደፍተው ነው፤ ጀርባቸውም አንድ ቦታ ላይ ወዝ ጠጥቶ አብረቅርቋል። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

"ከትናንት በስቲያ በምሳ ሰዓት?"

"ወዴት እሄዳለሁ፣ ጌታዬ? ጎረቤትን ይጠይቁ።"

ጎረቤቲቱ በሩ ላይ ነበረች። "ኧረ ቤቱ ነበር! ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ሲለፈልፍ ራሴን ሲያዞረኝ ዋለ።"

ደረጃውን ሲወርዱ ሳጅኗ፣ "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?" አለች።

"ምንም" አለ ኢንስፔክተሩ። ግን የብርጭቆው ሙቀት ከእጁ አልለቀው አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተሩ የመጨረሻውን ሊለምን መዝገብ ቤት ገባ። ወይዘሮ አይቻልም ዛሬም መለሱለት፤ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ። "ጥያቄዎ የማይፈቀድበትን ምክንያት የመጻፍ ግዴታ አለብኝ" ብለው፣ አሮጌው የጽሕፈት መኪናቸው ላይ ቀጭ ቀጭ አድርገው መትተው ሰጡት።

ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያጥፈው አውራ ጣቱ በጀርባው ላይ አለፈ።

ቆመ።

መልሶ አሻሸው። መኪናው ኃይለኛ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በጀርባ በኩል እብጥ ብሎ ወጥቷል።

"እትዬ" አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "ለሻለቃው የሰጡት ወረቀት... ኮፒውን ነው ወይስ የተቀባውን ራሱን?"

"ደንቡ ቀብተን፣ የተቀባውን ፎቶ ኮፒ አንስተን፣ ኮፒውን መስጠት ነው።"

"እርስዎስ?"

"ያኔ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቷል። የመልስ ጊዜው ሊያልፍ ነው፤ ሰውየው በየቀኑ እየመጣ ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማሽኑ ሳይበላሽ የተነሳውን ንጹሕ ኮፒ አስቀርቼ... የተቀባውን ሰጠሁት።" ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ዕውር ነው፣ ቀለሙም ለሕጉ ብዬ እንጂ ምን ሊያይ ብዬ... የመፈታቱን ዜና ለሁለቱም የላክንበት ደብዳቤ ቅጂ እዚያ ውስጥ ነበር። አድራሻቸው..."

"ደብዳቤው በዚህ መኪና ነው የተጻፈው?"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አውጥቶ ለዘበኛው ደወለ። "ያን ቀን ዓይነ ስውር ሰው መጥቶ ነበር?"

"አዎ፣ መጥቶ ነበር፣ ጌታዬ!" አለ ዘበኛው ቅልል ብሎት። "የተበላሸ ሬዲዮ በብብቱ ይዞ። ጠጋኙ ለምሳ ወጥቶ ስለነበር 'ውስጥ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው' አለኝ፤ ደረጃውን እኔው ነኝ እጁን ይዤ ያወረድኩት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"የሚያጠራጥር ሰው ነው እኮ የጠየቁኝ። ሲወጣም እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። መረቀኝ።"

ወይዘሮ አይቻልም ሳይጠየቁ ተነስተዋል። ማኅደሩን በአንዴ ነው የመዘዙት።

"ሕጉ ለዚህ በር አለው" አሉ። "የሰው ነፍስ አደጋ ላይ ስትሆን ይከፈታል፤ መክፈታችንን ለሴትየዋ በጽሑፍ ማሳወቅ ብቻ ነው ያለብን። የምታሳውቋት በሕይወት አግኝታችሁ ነው። የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሩጡ!"

መኪና ውስጥ ኢንስፔክተሩ ላውንደሪው ጋ ደጋግሞ ደወለ። የሚያነሳ የለም። ምሳ ሰዓት ነው። ስልኩ ባትሪው አልቆ እጁ ላይ ጠፋ።

"በኋላ በር ግቢ" አላት ሳጅኗን፤ የእጅ ባትሪውንም ለእሷ ሰጣት።

በዋናው በር ያለችው አስተናጋጅ ፈገግ ብላ፣ "ሲስተርን ነው? ዛሬ እንግዳ በዝቶባታል፤ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሁን ወደ ታች አደረስኩላት" አለችው።

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ወረደ። ግማሹ ላይ ብርሃኑ አለቀ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ዳብሶ ተጫነው፤ ምንም። በላዩ ያለውን ሳጥን ዳበሰ፤ ክዳኑ ተከፍቷል፣ የመብራቱ ፊውዝ ተነቅሏል።

ጨለማው የሳሙናና የእርጥብ አንሶላ ሽታ አለው። ማሽኖቹ ለምሳ ቆመዋል። ዝምታው ጆሮ ውስጥ ይጮኻል።

"ሲስተር" አለ የሻለቃው ድምፅ፤ ለስላሳ ነው፣ ከሰው ቤት ሻይ እንደሚለምን። "ትንፋሽሽን እየያዝሽ ነው። ሰው ስንት ጊዜ ሊይዝ ይችላል? አንቺ ታውቂያለሽ፣ የሕክምና ሰው ነሽ።"

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አወለቀ። አንድ እርምጃ አለ።

"ሌላ ሰው ገባ" አለ ድምፁ። "ከበድ ያለ ሰው። ሻይ ስትጠጣም እንዲሁ ነበር የምትተነፍሰው፣ ኢንስፔክተር።"

ልጆች፣ ኢንስፔክተሩ ጀግና ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ በዚያች ሰዓት መሮጥ አማረው። ግን ከጨለማው ውስጥ የሆነ ቦታ አንዲት ሴት ትንፋሿን ይዛ ቆማለች።

"በጀርባው ነው ያነበብከው" አለ፣ እንዲያወራለት።

"ሴትዮዋ ስትቀባ ብሩሹን እሰማው ነበር።" ሻለቃው ሳቀ። "ለዕውር ጥቁር ቀለም! ስንት ዓመት ማን እንደሸጠኝ ሳስብ ኖሬ፣ በጣቴ ጫፍ አንድ በአንድ መጡልኝ። ያ ጠጋኝ ጨለማ ውስጥ ሲገባ 'አምፖሌን ማን ወሰደው?' ነው ያለው። አምፖሉ ደግሞ ደህና አምፖል ነበር፤ መስበር አልፈለግኩም።"

ድምፁ እየራቀ ነው። ወደ እሷ እየሄደ ነው።

"ሲስተር፣ ከአንሶላው ክምር ኋላ ነሽ። ልብሽን እሰማዋለሁ።"

ኢንስፔክተሩ ወደፊት ሲንደረደር ከአንድ ጋሪ ጋር ተላትሞ በጉልበቱ ወደቀ። ሽቦ ሲወጠር "ጥን" አለ፤ እዚያው፣ ቅርብ።

ያን ጊዜ አንድ ቁልፍ ቀጭ አለ።

አንዱ ማሽን አጓራ። ቀጠለና ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሲስተር እነዚያን ማሽኖች በዳበሳ ታውቃቸዋለች፤ እየሸሸች በየመንገዷ እያስነሳቻቸው ሄደች። ምድር ቤቱ በሙሉ እንደ ወንዝ አገሳ፤ ወለሉ ተርገበገበ።

ሻለቃውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለመበት።

"የት ነሽ? የት ነሽ!" ሲል ኢንስፔክተሩ ሰማው፤ ጩኸት እንጂ ያ ለስላሳ ድምፅ አልነበረም። እጁን ዘርግቶ የኮት እጅጌ ያዘ። ሽቦው ጉንጩን ተረተረው። ተያይዘው እርጥብ ጨርቅ ላይ ወደቁ። የኋላው በር ተበርግዶ የሳጅኗ ባትሪ ሲበራ ኢንስፔክተሩ ሰውየውን ከላይ ተጭኖት፣ ሰውየው ደግሞ ሁለት ጆሮዎቹን ደፍኖ አገኘቻቸው።

ሲስተር ከመጨረሻው ማሽን ጥግ ቆማለች። ትንፋሿን ለቀቀችው። እንደ ልቅሶ ነው የወጣው።

ሳምንት ሳይሞላ ሲስተር ሥራዋንም ቤቷንም ለቃ ሄደች። የሟቹ ሚስት ይህን ስትሰማ አንድ ሻርፕ ይዛ ጣቢያ መጣች።

"አደራዬን አላደረስኩም" አለች። "እኔ ሳላስጠነቅቃት ሰውየው ቀድሞ ደረሰባት። ይህን እንኳ ስጡልኝ። ከእኔ በሏት።"

ኢንስፔክተሩ ሻርፑን ይዞ መዝገብ ቤት ሄደ። ጉንጩ ላይ ፋሻ አለ።

ወይዘሮ አይቻልም ጡረታ አልወጡም። "እንዴት ብዬ?" አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ሊወጡ የተዘጋጁ ወረቀቶች ተከምረዋል። አንዱን ያነሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ይዳብሳሉ፤ ከዚያ ሌላውን።

"ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ በቆየበት ጊዜ የተቀባ ወረቀት ለሌላም ሰው ተሰጥቶ ነበር?" ብሎ ጠየቃቸው፣ ዝግ ብሎ።

ጣታቸው ቆመ። በስተኋላቸው ሁለት ሠራተኞች ደብዳቤ ያሽጋሉ፤ ኢንስፔክተሩ ፖስታዎቹን አየና መልሱን አወቀ። እያንዳንዱ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቤት፣ "ተጠንቀቅ" ሊል የሚሄድ ነው።

ሻርፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "የሲስተርን አዲስ አድራሻ ቢሰጡኝ ይህን ራሴ..."

"አይቻልም" አሉ ሴትዮዋ።

ኢንስፔክተሩ ያን ቃል ሲሰማ እፎይ አለ። ሻርፑን እንዲልኩላት እዚያው ትቶላቸው፣ ቀስ ብሎ በሩን ዘጋና፣ መዘጋቱን ደግሞ በእጁ ገፋ አድርጎ አረጋገጠ።